ሲኔክቲክስ

ሲኔክቲክስ አንድ ቡድን ከባድ የዲዛይን ችግርን ከሌላ፣ ብዙ ጊዜም ከሩቅ ነገር ጋር በማነጻጸር እንዲፈታ የሚረዳ የፈጠራ ዘዴ ነው። ዘዴው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተጀመረ ሲሆን መሥራቾቹ ዊልያም ጄ. ጄ. ጎርደን እና ጆርጅ ኤም. ፕሪንስ ናቸው። መሠረተ ሐሳቡ አጭር ነው፦ አንድ ችግር ፊት ለፊት ሲመለከቱት አልፈታ ካለ፣ ቡድኑ ለጊዜው ከችግሩ ይርቃል፤ በተፈጥሮ፣ በታሪክ ወይም በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ ችግሩን የሚመስል ነገር ይፈልጋል፤ ከዚያም ያገኘውን ይዞ ወደ ችግሩ ይመለሳል።

በዘዴው ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ከንጽጽሩ ምን ይወሰዳል የሚለው ነው። የነገሩ መልክ ብቻ ከተወሰደ ውጤቱ ጌጥ ይሆናል። አሠራሩ ከተወሰደ ግን መፍትሔ ሊሆን ይችላል። የላስታ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ልዩነት በግልጽ ከሚያሳዩ ሥራዎች መካከል ናቸው።

ስያሜና አጀማመር

ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮችን አንድ ላይ ማገጣጠም የሚል ትርጉም ተሰጥቶታል። ጎርደንና ፕሪንስ በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው አርተር ዲ. ሊትል በተባለ የምርምርና የምክር ድርጅት ውስጥ፣ አዳዲስ የፈጠራ ሥራዎችን በሚነድፍ ክፍል ይሠሩ ነበር። የቡድን ስብሰባዎችን በቴፕ እየቀዱ መልሰው ያዳምጡ ነበር። ማወቅ የፈለጉት ጥሩ ሐሳብ ሲወለድ በስብሰባው ውስጥ ምን ይካሄድ እንደነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ጎርደን ዘዴውን የሚያብራራውን መጽሐፍ በ1961፣ ፕሪንስ ደግሞ የስብሰባውን አመራር በስፋት የሚገልጸውን መጽሐፍ በ1970 አሳተሙ።

ከሲኔክቲክስ ቀደም ብሎ የታወቀው ዘዴ አሌክስ ኦስቦርን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው የሐሳብ ማፍለቅ ስብሰባ ነው። ኦስቦርን ብዛትን ይፈልጋል፤ ብዙ ሐሳብ ከተነሣ ከመካከሉ ጥሩው አይጠፋም ይላል። ሲኔክቲክስ ግን ሐሳብ የሚመጣበትን መንገድ ራሱን ለመምራት ይሞክራል።

ሁለቱ መመሪያዎች

ጎርደን ዘዴውን በሁለት መመሪያዎች ጠቅልሎታል።

የመጀመሪያው እንግዳውን ማላመድ ነው። ያልታወቀን ነገር በሚታወቅ ነገር መረዳት ማለት ነው። የፊዚክስ መምህር የኤሌክትሪክ ጅረትን በቱቦ ውስጥ በሚፈስ ውሃ፣ ቮልቴጅን ደግሞ በውሃው ግፊት ሲያስረዳ ይህን ማድረጉ ነው።

ሁለተኛው የለመዱትን እንግዳ ማድረግ ነው። ይህኛው ይከብዳል፤ ምክንያቱም በየቀኑ የምናየውን ነገር ማየት እናቆማለን። ጀበና ለለመደው ሰው የቡና ዕቃ ብቻ ነው። እንደ እንግዳ ላየው ግን አተላውን ከሰፊው ሆዱ ሥር አዝቅጦ ጥሩውን በአፉ የሚያፈስስ መለያ ዕቃ ነው። የአማርኛ እንቆቅልሽ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጠያቂው የታወቀን የቤት ዕቃ ወይም እንስሳ ስሙን ደብቆ እንደማይታወቅ አድርጎ ይገልጸዋል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ካዳመጠ በኋላ መልሶ ማግኘት አለበት። በእንቆቅልሽ ያደገ ተማሪ የሲኔክቲክስን ግማሽ ሳያውቀው ተለማምዷል ማለት ይቻላል።

አራቱ የንጽጽር ዓይነቶች

ቀጥተኛ ንጽጽር። ችግሩን በሌላ ቦታ ተፈትቶ ከሚገኝ ተመሳሳይ ችግር ጋር ማስተያየት ነው። በብዛት የሚጠቀሰው የማርክ ብሩኔል ሥራ ነው። ብሩኔል በለንደን ከቴምዝ ወንዝ ሥር መተላለፊያ ለመቆፈር ሲያስብ የመርከብ እንጨት የሚቦረቡር ትል ተመለከተ ይባላል። ትሉ ከፊቱ ባለው ጠንካራ ቅርፊት እየቆፈረ ወደፊት ይሄዳል፤ ከኋላው ደግሞ የቆፈረውን ቀዳዳ ግድግዳ በጠንካራ ልባስ ይለብጣል። ብሩኔል ሠራተኞቹ ተከልለው የሚቆፍሩበት የብረት ክፈፍ ሠራ፤ ከኋላ ግንበኞች በጡብ ይገነባሉ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1825 ተጀምሮ መተላለፊያው በ1843 ተከፈተ። ሌላው ምሳሌ ስዊዘርላንዳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል ነው። እንደ ጭጎጎት ልብስና የውሻ ፀጉር ላይ የሚጣበቅን ፍሬ በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ ከጥቃቅን መንጠቆዎቹ ተነሥቶ ቬልክሮ የተባለውን ማጣበቂያ ሠራ።

ራስን የማስገባት ንጽጽር። የቡድኑ አባል ራሱን እንደ ዕቃው ወይም እንደ ዕቃው አካል አድርጎ ያስባል። «እኔ የድልድዩ ምሰሶ ብሆን ጎርፉ ሲመጣ የት ላይ ያመኛል?» ይላል። በትምህርት ቤት የምንማረው ሰውኛ ዘይቤ ግዑዙን ነገር ሰው ያደርገዋል፤ እዚህ ግን ሰውየው ግዑዙን ነገር ይሆናል።

ምልክታዊ ንጽጽር። የችግሩን እምብርት በሁለት የሚጋጩ ቃላት መጠቅለል ነው። አማርኛ ለዚህ አያዎ ዘይቤ የሚል ስም አለው፦ አይ እና አዎ በአንድ ላይ። «የሚያፈስ ግድብ»፣ «ለስላሳ ጋሻ» የሚሉት ዓይነት ጥምረቶች ግጭቱ ያለበትን ቦታ ያሳያሉ። የምህንድስና ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ፍላጎቶች ግጭት በመሆኑ ይህ ዓይነቱ ንጽጽር ብዙ ያግዛል።

ምናባዊ ንጽጽር። የተፈጥሮ ሕግ ለጊዜው ይነሣና ቡድኑ ምኞቱን ይናገራል። «ዕቃው እንዳሻን ቢታዘዘን ምን እንዲያደርግ እንፈልጋለን?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ ከምኞቱ ውስጥ የትኛው ክፍል በእውን ሊሠራ እንደሚችል ይመረመራል።

ጎርደን በመጽሐፉ ካቀረባቸው ምሳሌዎች አንዱ የቤት ጣሪያ ነው። ጣሪያው በበጋ ሙቀትን እንዲመልስ ነጭ፣ በብርድ ጊዜ ሙቀትን እንዲይዝ ጥቁር ቢሆን ይጠቅማል። ቡድኑ ቀለሙን የሚለውጥ እንስሳ ፈልጎ በባሕር ወለል ላይ የሚኖር ጠፍጣፋ ዓሣ አገኘ። የዓሣው ቆዳ የሚጠቁረው ወይም የሚነጣው በውስጡ ያለው ቀለም ሲዘረጋና ሲሰበሰብ ነው። ቡድኑ የዓሣውን ቅርጽ ተወው፤ የወሰደው ይህን የመዘርጋትና የመሰብሰብ አሠራር ነው።

የስብሰባው አካሄድ

አሠራሩ ከቡድን ቡድን ቢለያይም የተለመደው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. ችግሩ እንደቀረበ ይጻፋል። የችግሩ ባለቤት (ውሳኔው የሚመለከተው ሰው) ምን እንደተሞከረና ለምን እንዳልሠራ በአጭሩ ይናገራል።
2. ወዲያውኑ የሚመጡ መፍትሔዎች ይነገሩና ይመዘገባሉ። ይህ የሚደረገው አእምሮ በእነሱ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ነው።
3. አባላቱ ችግሩን በራሳቸው ቃል «እንዴት አድርገን…» ወይም «ምነው…» በሚል አነጋገር እንደገና ይገልጹታል።
4. አስተባባሪው ቡድኑን ከችግሩ ያርቃል። ከአራቱ የንጽጽር ዓይነቶች አንዱን መርጦ ጥያቄ ያቀርባል። በዚህ ጊዜ ችግሩን ማንሣት አይፈቀድም።
5. ከተገኙት ንጽጽሮች አንዱ ተመርጦ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር ይመረመራል።
6. አሠራሩ ከችግሩ ጋር በግድ ይገጣጠማል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አይገጥምም፤ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው።
7. የተገኘው ሐሳብ በስሌት፣ በሞዴል ወይም በሙከራ ይፈተሻል።

እንደ ፕሪንስ አመለካከት አስተባባሪው የራሱን ሐሳብ ከማራመድ ይልቅ የሌሎቹን የሚያገለግል ሰው መሆን አለበት። አንድ ሐሳብ ሲቀርብም መጀመሪያ የሚጠቅመው ጎኑ ይነገራል፤ ጉድለቱ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

በአገራችን ይህ ደንብ ተጨማሪ ትርጉም አለው። ታላቅ በተናገረበት ጉባኤ ታናሽ ሌላ ሐሳብ ማንሣቱ እንደ ድፍረት ሊቆጠር ይችላል። መሐንዲስ፣ ግንበኛ፣ የሰበካ ጉባኤ አባልና ተማሪ አንድ ላይ በሚቀመጡበት ስብሰባ ንጽጽሮቹ በቅድሚያ በየግል በወረቀት ቢጻፉና ስም ሳይጠራ ቢነበቡ የታናሹም ሐሳብ ከታላቁ እኩል ይሰማል፤ ታላቁም አይደፈርም።

መልክና አሠራር፦ የላስታ ምሳሌ

ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዴድሬ ጌንትነር እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረበችው ንድፈ ሐሳብ መሠረት የንጽጽር ጉልበት የሚገኘው ነገሮቹ በመልክ በመመሳሰላቸው አይደለም፤ በውስጣቸው ያለው ግንኙነት በመመሳሰሉ ነው። ይህን በሰሜን ወሎ ማየት ይቻላል።

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው። ይህ የአክሱም ዘመን የግንባታ ስልት ነው። በዚህ ሕንፃ እንጨቱ ሥራ አለው፤ ግድግዳውን ያስራል።

በላሊበላ የሚገኘው ቤተ አማኑኤል ደግሞ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። ሆኖም ግድግዳው ላይ የእንጨትና የድንጋይ ንብብር የሚመስሉ ወጣ ገባ መስመሮች፣ መስኮቶቹም ላይ የእንጨት ክፈፍ ማዕዘን የሚመስሉ ቅርጾች ተቀርጸዋል። አንድ ወጥ አለት ማሰሪያ አያስፈልገውም። እዚህ ላይ የተሻገረው መልኩ ብቻ ነው፤ ዓላማውም የጥንቱን ክብር ማስታወስ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ራሳቸው በሮች፣ መስኮቶችና የእንጨት ጫፎች ተቀርጸውባቸው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ መምሰላቸው ከዚሁ ይመደባል። ለአምልኮና ለትዝታ የመልክ ንጽጽር ሙሉ ትርጉም አለው። ግድግዳ እንዲቆም ለሚፈልግ መሐንዲስ ግን በቂ አይደለም።

ላሊበላ ሌላም ንጽጽር ይዛለች። በከተማዋ ዮርዳኖስ የሚባል የውሃ መውረጃ፣ ጎልጎታና ደብረ ሲና የሚባሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ሥፍራው በኢየሩሳሌም አምሳል የተሰየመ ነው። ይህ ምልክታዊ ንጽጽር አንድን ትልቅ ሥፍራ በአንድ ሐሳብ ማደራጀት እንደሚቻል ያሳያል።

የዋርካ ውሃ ግንብ

በኢትዮጵያ ንጽጽርን በግልጽ ተጠቅሞ ከተነደፉ የምህንድስና ሥራዎች አንዱ የዋርካ ውሃ ግንብ ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋ መንደሮችን ከጎበኘ በኋላ ሰዎች ውሃ ለመቅዳት የሚሄዱበት ርቀት አሳሰበው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2012 በቬኒስ የሥነ ሕንፃ ዐውደ ርእይ አቀረበ። በንድፉ ሥራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም ተሳትፏል። የሙከራ ግንቡ በ2015 በደቡብ ኢትዮጵያ በዶርዜ ተተከለ። ፕሮጀክቱ የ2015–2016 የዓለም ዲዛይን ኢምፓክት ሽልማትን አግኝቷል።

ግንቡ ወደ 10 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የቀርከሃ አጽም ሲሆን በውስጡ መረብ ተሰቅሏል። ጭጋግና ጤዛ በመረቡ ላይ ተይዞ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ይጠራቀማል፤ ዝናብም ይሰበሰባል። ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ ያለ ከባድ መሣሪያም በመንደሩ ሰዎች ሊተከል ይችላል። የንድፉ ግብ በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ መሰብሰብ ነበር።

ንጽጽሮቹ ከብዙ ቦታ የመጡ ናቸው። የሸረሪት ድር ጤዛ ይይዛል። የናሚብ በረሃ ጢንዚዛ በጀርባው ላይ ከጭጋግ ውሃ ያጠራቅማል። የሎተስ ቅጠል ውሃን ያንከባልላል። የኢትዮጵያ የስፌት ሥራ ደግሞ ቀላል ሆኖ ጠንካራ የሆነ ቅርጽ ይሰጣል። ስሙ የተወሰደበት ዋርካ ግን ውሃ በመያዝ አይታወቅም፤ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ጥላ ነው። ስለዚህ በአንድ ሥራ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ንጽጽር አለ፦ ድሩና ጢንዚዛው አሠራር ሰጥተዋል፤ ዋርካው ግንቡ በመንደሩ መካከል ሊኖረው የሚገባውን ቦታ አመልክቷል።

የዋርካው ምሳሌ ገደብም አለው። ጭጋግ በሌለበት ቀን መረቡ ከጭጋግ ውሃ አይሰበስብም፤ በዶርዜ የሠራውም በላስታ ይሠራል ማለት አይደለም። ከላሊበላ ከተማ በላይ ወደ 3,150 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አሸተን ማርያም አካባቢ እንዲህ ያለ ግንብ ለመትከል ያሰበ ሰው፣ ከሁሉ በፊት በየወሩ ምን ያህል ጭጋግና ጤዛ እንደሚኖር፣ ነፋሱም ምን ያህል እንደሚበረታ መለካት አለበት። ንጽጽሩ ምን መለካት እንዳለበት ይነግራል እንጂ ልኬቱን አይተካም።

የልምምድ ምሳሌ

የሚከተለው ዘዴውን ለማሳየት የቀረበ ልምምድ ነው፤ የማንም አካል የጥገና ዕቅድ አይደለም።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዝናብ አለቱን ስለሚጎዳ በ2008 በአንዳንዶቹ ላይ በብረት ምሰሶ የቆሙ ትላልቅ መጠለያዎች በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠሩ። ለጊዜው ተብለው ቢሠሩም ለዓመታት ቆዩ። ነዋሪዎችና ካህናት የመጠለያዎቹ ክብደትና የነፋሱ ግፊት ቅርሱን እንዳይጎዳ ስጋታቸውን በተደጋጋሚ ገልጸዋል። እንግዲህ አንድ የተማሪዎች ቡድን ችግሩን ቢይዘው እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

ራስን የማስገባት ንጽጽር፦ «እኔ አለቱ ነኝ። ዝናቡ ያረጥበኛል፣ ፀሐዩ ያደርቀኛል። ከላዬ የቆመው ነገር ነፋስ በመጣ ቁጥር እግሩን ይጫነኛል።» ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ችግሩ ውሃ ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ መፈራረቁና ጫናውም ችግር ናቸው።

ምልክታዊ ንጽጽር፦ «የማይጫን ጣሪያ»፣ «የሚተነፍስ ክዳን»።

ቀጥተኛ ንጽጽር፦ የማይጫን፣ የሚተነፍስ፣ ዝናብ የሚከላከል ነገር ምን አለ? ደገኛ እረኛ የሚለብሰው ገሳ አለ። ገሳ ከሣር የሚሠራ የዝናብ ልብስ ነው። ውሃው ከላይኛው ሣር ወደ ታችኛው እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ አየር ግን በመካከሉ ያልፋል። ሲያባራ ይወልቃል።

ምናባዊ ንጽጽር፦ ጣሪያው ዝናብ ሲመጣ ራሱ ቢመጣ፣ ሲያባራ ራሱ ቢሄድስ?

ወደ ችግሩ ስንመለስ መልኩን የወሰደ ቡድን የሣር ክዳን የሚመስል ጣሪያ ይስላል። አሠራሩን የወሰደ ቡድን ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ይነሣል፦ የአካባቢው ዋና ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሆነ መጠለያው ዓመቱን ሙሉ መቆም አለበት? አንድ ትልቅ ሸራ ነፋስን እንደ መርከብ ሸራ ከሚይዝ፣ የተደራረቡ ትናንሽ ክፍሎች ነፋስ ቢያሳልፉ በምሰሶው ላይ የሚያርፈው ኃይል ምን ያህል ይቀንሳል? በየዓመቱ መትከልና ማንሣቱ ራሱ አለቱን አይጎዳም? የመጨረሻው ጥያቄ ሐሳቡን ሊጥለው ይችላል፤ ቢጥለውም ስብሰባው አልከሰረም። መፍትሔው ለሌሎች የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናትም ይሁን ከተባለ ደግሞ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደው የአቀበት መንገድ በመጨረሻ ላይ በአለት መካከል በእግር የሚታለፍ ጠባብ መተላለፊያ እንዳለው ማሰብ ያሻል፤ ክሬን የሚጠይቅ ንድፍ እዚያ አይደርስም።

በኮምፒውተር ሳይንስ

ንጽጽር በሶፍትዌር ሥራም የተለመደ ነው። ጆን ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የዘረመል ስልተ ቀመርን ከተፈጥሯዊ ምርጫ ጋር አያይዞ አብራርቷል። ማርኮ ዶሪጎ በ1992 ያቀረበው ዘዴ አጭር መንገድ የሚፈልገው ጉንዳኖች ምግብ ሲያጓጉዙ በሚተዉት የሽታ ምልክት አምሳል ነው፦ አጭሩ መንገድ ቶሎ ቶሎ ስለሚመላለሱበት ምልክቱ ይበረታል። እዚህም የተወሰደው ግንኙነቱ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ እግር ያለው ጉንዳን የለም።

ገደቦችና ትችቶች

የመጀመሪያው ስጋት መጣበቅ ነው። ጃንሰንና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት አስቀድመው የምሳሌ ንድፍ ያዩ ዲዛይነሮች የምሳሌውን ባሕርያት፣ ስሕተቱን ጭምር፣ በራሳቸው ንድፍ ሲደግሙ ታይተዋል። ስለዚህ አንድ ንጽጽር ብቻ ይዞ መሄድ አደገኛ ነው፤ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ንጽጽሮችን ማወዳደር ይመከራል።

ሁለተኛው ቡድኑን ይመለከታል። በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ የተደረገ የታወቀ ጥናት አንድ ላይ ተቀምጠው ሐሳብ ከሚያፈልቁ ሰዎች ይልቅ ለየብቻ የሠሩ ሰዎች ሐሳባቸው ሲደመር እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይህ ግኝት ቡድንን አላስፈላጊ አያደርገውም፤ ማፍለቁ በግል፣ ማገጣጠሙና መፈተሹ በጋራ ቢሆን እንደሚሻል ግን ያመለክታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እያንዳንዱ ክር በመጀመሪያ ሲፈተል ነው።

ሦስተኛው የንጽጽሩ ምንጭ በትክክል አለመታወቁ ነው። በሐራሬ የሚገኘው ኢስትጌት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጠናቀቅ አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ የአየር ዝውውሩን ከምስጥ ኩይሳ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ኩይሳው በዚያን ጊዜ እንደታሰበው እንደማይሠራ አሳዩ። ሕንፃው ግን ከተለመዱት ሕንፃዎች ባነሰ ኃይል ይቀዘቅዛል፤ ምክንያቱም ንድፉ በራሱ ስሌት ተፈትሾ ነበር። የተሳሳተ ንጽጽር ጥሩ ሕንፃ ሊያስገኝ ይችላል፤ ያልተፈተሸ ንጽጽር ግን፣ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ በዕድል ላይ የቆመ ነው።